የባትሪዬ ቀለበት እምቢ ያለ ጊዜ

በዚህ ዘመን የእጅ ባትሪ ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ካያችሁ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ ፊቱን እዩት፤ እኔ ልሆን እችላለሁ። እኔ ከሆንኩም ሳቁ። ባትሪዬን ግን አልጥልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬው ሲረዝም፣ «ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ተሸንፎ በስልኩ መብራት መሄድ ጀመረ» ይላል ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው። አልጀመርኩም። ስልክስ አለኝ፤ ልጄ ሰብለ ናት የገዛችልኝ። ጀርባው ላይ መብራት አለው። እንደሱ ያለ ባለጌ መብራት ግን አይቼ አላውቅም።

ባለጌ የምለው ለመሳደብ ያህል አይደለም። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ እዚያ ላይ ነው ያቆምኩት። የመብራት ጨዋነት ግን አውቃለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ እዚሁ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ በጨለማ ሰው ወንበሩ ላይ ማድረስ ነበር። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ሰው አለ። ሁልጊዜም አለ። እሱን በባትሪ እየመራሁ አስቀምጠዋለሁ። ሥራው ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ነው። መብራቱ እግር ላይ ይወርዳል እንጂ ፊት ላይ አይወጣም፤ ከተራማጁም ትንሽ ቀደም ይላል፣ እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ ያሳየዋል። ፊት ላይ ካበራህበት ወይ የሰው ዓይን ታጠፋለህ፣ ወይ ያልተጋበዝክበትን ነገር ታያለህ። የኋላ ወንበሮች ላይ ስንት ትዳር እንደተመሠረተ እኔና የያኔዋ ባትሪዬ እናውቃለን፤ አንናገርም።

ስልክ ግን አንዴ ሲበራ ሁሉንም ነው የሚያበራው። ግድግዳውን፣ የሰው ዓይን፣ የተኛውን ውሻ። ዝቅ በል አይሉት፣ ከፍ በል አይሉት።

የእኔዋ ባትሪ ሌላ ናት። ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ፣ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛኋት። ነጋዴው መጀመሪያ ቁልፍ ያላቸውን ደረደረልኝ። አንዴ ሲጫኗቸው ይበራሉ፣ ደግመው ሲጫኗቸው ይደምቃሉ፣ ሲሠልሱባቸው እንደ አምቡላንስ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ።

«ይሄ ብልጭታ ለምን ይሆናል?» አልኩት።

«አደጋ ላይ ሲሆኑ ነው፣ አባባ።»

«ልጄ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው።»

ይኼኔ ይቺን ከካርቶኑ ሥር አወጣልኝ። ሁለመናዋ ብረት ነው። አንገቷ ላይ ቀለበት አላት። ቀለበቱን ሲያዞሩት ብርሃኗ ከምንም ተነሥቶ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሲመልሱት ቀስ እያለ ይሄዳል። ልክ እንደ ፋኖስ። በፋኖስ ያደጋችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ክሩን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረጉ ለማንበቢያም ለማውጊያም ልክ የሆነውን ብርሃን ማበጀት። ወደድኳት። እዚያው ሸራው ፊት ቆሜ በጠራራ ፀሐይ አበራኋት፣ አጠፋኋት። ነጋዴው ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ፈልጎ «አባባ፣ ማታ ይሞክሯት» እስኪለኝ ድረስ።

አንድ ክረምት በሰላም ከረምን። ከዚያ ቀለበቱ ማጉረምረም ጀመረ። መጀመሪያ ክርር ይላል፣ ግን ይዞራል። ሲሰነብት ካልለመኑት የማይዞር ሆነ። እኔም ጣቶቼን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ እነሱም ካልለመኗቸው አይታዘዙም። ሁለት እምቢተኞች መሀል ገባሁ ማለት ነው።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ጀርባ ነው። ዋናው መንገድ አሁን ሰርግ ቤት መስሏል፤ መርፌ ቢወድቅ ይገኛል። ወደኛ ቅያስ ሲታጠፉ ግን መብራቱ እንደ ታክሲ ጥግ ላይ ጥሎን ይመለሳል። ቅያሱ የድንጋይ ደረጃ አለው። ደረጃው እንደ ጥርሴ ነው፤ አንዳንዱ አለ፣ አንዳንዱ የለም። የቱ እንዳለና የቱ እንደሌለ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ግን ሰው በቃሉ የያዘውም ይጠፋዋል።

ታዲያ ሁዳዴ በገባ ሰሞን፣ ማለዳ ለኪዳን ልወጣ ደረጃው አናት ላይ ቆምኩ። ቀለበቱን ባዞረው፣ ባዞረው፣ እምቢ። አንድ እጄ ከዘራ ይዟል። ከዘራውን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ በሁለት እጄ ስታገል የሌለው ደረጃ ላይ ረገጥኩ። አልወደቅሁም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ተቀመጥኩ። በፍጥነት ተቀመጥኩ እንጂ አልወደቅሁም። ሰፈሩ ግን «ወደቁ» ብሎ አወራው፤ ወሬው ሰብለ ጆሮ ሲደርስ ደግሞ ተንከባልያለሁ።

ሰብለ እኛው ጋ ነው የምትኖረው። ቢሮ ነው የምትሠራ፤ ማታ ወደ ቤት ስትመጣም ቢሮውን ይዛው ነው የምትገባ።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብቻዎን አይወጡም» አለች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ። ወይ የስልክዎን መብራት ያበራሉ፣ ወይ እኔ አደርስዎታለሁ፣ ወይ ቤት ቁጭ ብለው በቴሌቪዥን ይከታተላሉ።»

«በቴሌቪዥን? ጠበሉንስ በቧንቧ ነው የሚልኩልኝ?»

ባለቤቴ አስካለ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል፣ «እሱ መቼ የሰው ምክር ሰምቶ ያውቃል» አለች። የማን ወገን እንደሆነች አልታወቀም። ከተጋባን ጀምሮ አይታወቅም።

ብዙ ተከራከርን። እኔ ድምፄን ከፍ አላደርግም፣ ግን ከቦታዬም አልንቀሳቀስም። መጨረሻ ላይ ሰብለ ደከማትና ወደ ስምምነት መጣች።

«እሺ። እስከ ደብረ ዘይት ጊዜ ይኑርዎት» አለች። ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ላይ የሚውለው እሑድ ነው፤ ብዙም ሩቅ አልነበረም። «የዚያን ዕለት ማለዳ በር ላይ፣ እኔ እያየሁ፣ ከዘራዎን ይዘው በቀረው እጅዎ ብቻ ያብሩት። ከበራ ብቻዎን ይሂዱ፤ ሁለተኛ አልናገርዎትም። ካልበራ ግን ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማደርስዎ። እስከዚያም እኔ ነኝ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

በማግሥቱ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ሌባ የያዘ ፖሊስ እንኳን እንደዚያ አድርጎ አይዝም። በሌላ እጇ ስልኳን አብርታ የዲያቆናቱን ዓይን በየተራ አጠፋችው። አንዷ ባልቴት ከንፈራቸውን መጠጡና፣ «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አሉኝ።

«አላመመኝም» አልኳቸው። «ታስሬ ነው።»

የቅባት ፍለጋዬ የተጀመረው የዚያኑ ቀን ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ጓደኛዬ ታደሰ ዘንድ ነው። ታደሰ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ስፋቷ ከአንድ በር በማትበልጥ ሱቅ ውስጥ ሱሪ ያሳጥራል። ባትሪዬን ተቀብሎ ቀለበቷን በጆሮው አጠገብ አዞረና እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፈነ።

«ደርቃለች» አለ። «ዘይት ነው የምትፈልገው።»

«የምን ዘይት?»

«የምን ዘይት ይለኛል! ዓለም ላይ ሌላ ዘይት አለ? የስፌት መኪና ዘይት ነዋ። ይቺን መኪናዬን እያት፤ ከጋብቻዬ በፊት ጀምራ ትሠራለች፣ አንድ ቀን ጮኻብኝ አታውቅም። ሚስቴ ግን ...» ቀሪውን ተወው፤ የሚስቱ ወንድም ፊት ለፊት ጫማ ይሸጣል።

ከአፈ ረጅሙ የዘይት ቆርቆሮው ጠብ፣ ጠብ አደረገላት። እውነትም ቀለበቱ ዞረ! ታደሰን ባርኬው ወጣሁ። ቡራኬውን በማግሥቱ አነሣሁበት። ለካስ ዘይቱ ቀጭን ነው፤ መቆም አያውቅም። ሌሊቱን ከቀለበቱ ወጥቶ ወደ ኪሴ፣ ከኪሴ ወደ ጋቢዬ ዘልቋል። የጋቢውን ጥጥ ደግሞ ቀለበቱ ለቃቅሞ ጢም አብቅሏል። ገሚሱ ዘይት ወደ ውስጥ ገብቶ መስተዋቷን ሸፈነው፤ ባበራት የባትሪዬ ዓይን ሞራ ለብሷል። ይዤለት ሄድኩ።

«ጥፋቱ የጋቢው ነው» አለ ታደሰ፣ ጢሙን በመቀስ እየከረከመላት። ሰው የሙያው ዘይት ሲነካበት አይወድም።

ሁለተኛው ሐኪም ዳኒ ነው። ዳኒ ታክሲ ነጂ ነው፤ ጊዮርጊስ አጠገብ ተራ ሲጠብቅ ቦኔቱን ከፍቶ ሞተሩን ያያል። ሞተሩ ባይበላሽም ያየዋል።

«የስፌት ዘይት?» አለ፣ ስነግረው ወገቡን ይዞ። «ፋዘር፣ ይሄ ብረት ነው እንጂ ቀሚስ ነው እንዴ? ማን ነው እንደዚህ የሸወደዎት?»

«ጓደኛዬ ነው።»

«ጓደኛ ይቀይሩ። ይቺ የምትፈልገው ግሪስ ነው፤ የጎማ ኩሽኔታ የሚገባው። ይሄን ሁሉ ተሳፋሪ ተሸክሞ እንጦጦ የሚያስወጣ ግሪስ ይቺን ሚጢጢ አያዞርም? ወንበር ይያዙ፣ ፋዘር።»

ጣቱን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሮ፣ ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ አድርጎ ቀባልኝ። ቀትር ላይ ስለነበር ፀሐዩ አግዞን ቀለበቱ ጥሩ ዞረ። የአዲስ አበባን ማለዳ ግን ግሪሱም እኔም ረስተነዋል። ጎሕ ሲቀድ ብርዱ መታውና እንደ አደረ ገንፎ ጸና። ጥቁር ገንፎ! እጄ እስከ አንጓዬ ጥቁር ሆነ። በዚያው እጄ፣ ጨዋነት አይለቀኝምና፣ ያቺን ከንፈር መጣጭ ባልቴት ደረጃው ላይ ደገፍ አድርጌ አወረድኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ ነጭ ነጠላቸው ላይ አምስት ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

«በስመ አብ! የማን እጅ ነው ይሄ?» አሉ ሴቶቹ ተሰብስበው። ጥቂቶቹ ከሰው ወገን መሆኑንም ተጠራጠሩ።

እኔ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁ። እንግዲህ ጋቢውም አብሮ ሄደ።

«አባባ» አለች ሌላውን ክንዴን የያዘችው ሰብለ በቀስታ። «እጅዎን ያሳዩኝ።»

እንደ ተማሪ እጄን ዘርግቼ አሳየሁ። ግን በኩራት ነው ያሳየሁት። «ደብረ ዘይት ገና ነው» አልኳት።

አሁን ወደ ቅቤው መጣሁ። እዚህ ላይ የሚፈርድብኝ ይፍረድብኝ፤ ሐሳቤን ግን እንዳለ ልንገራችሁ። ቁጭ ብዬ ሳሰላስለው፣ ቆዳ በቅቤ ይለሰልሳል፣ ፀጉር በቅቤ ይለሰልሳል፣ የታመመ አንጀትም በቅቤ ይለሰልሳል። ብረት ምን አድርጎ ነው የሚቀርበት? ከስፌቱ ዘይት ይወፍራል፣ ከግሪሱ ይቀጥናል፣ ጥቁር አይደለም። ሁሉ ነገሩ የተስተካከለ ነው። ጾም መሆኑ ነው እንጂ።

በኛ ቤት ሁዳዴ ሲገባ ከሰዎቹ በፊት ኩሽናው ነው የሚጾመው። በቅበላው ማግሥት አስካለ ማንኪያውን፣ ጭልፋውን፣ መክተፊያውን በፈላ ውኃና በአመድ ታሸዋለች። የፍስክ ድስት ወዲያ፣ የጾም ድስት ወዲህ። የፍስክ የነካ እጅ ካልታጠበ የጾሙን ክዳን አይከፍትም። የንጥር ቅቤው ዕቃ አፉ በጨርቅ ይታሠርና ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ከሻንጣው ጀርባ፣ እስከ ፋሲካ ይሰደዳል። ወደ ስደቱ የማወጣው ደግሞ በየዓመቱ እኔ ነኝ፤ ቁመት አለኝና። ስለዚህ አድራሻው አይጠፋኝም።

አስካለ ለቅሶ ደርሳ ልትመለስ በወጣችበት ጊዜ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ። ካልቀመስኩት፣ ካልላስኩት፣ እጄን ከታጠብኩ፣ ጾሙ በየት በኩል ነው የሚፈርሰው? ሽምብራ የምታክል ብቻ ወሰድኩ። እሺ፣ ሁለት ሽምብራ። ጨርቁን መልሼ አሠርኩ።

ወገኖቼ፣ እንዴት ያለ መዞር ነበር! ድምፅ የለ፣ ክርክር የለ። ቀለበቱ ገና ሳልነካው ሐሳቤን የሚያውቅ መሰለኝ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ባትሪዋን በግራዬ ይዤ በቀኜ ሳዞር፣ ሳዞር፣ ሳዞር ዋልኩ። የሰብለን ፊት በደብረ ዘይት ማለዳ እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ችግሩ ሽታው ነበር። በማግሥቱ ቅዳሴ ላይ የደረቴ ሙቀት ሲያገኘው ቅቤው ተነሣ። ሆዱ ባዶ የሆነ ምእመን አፍንጫው ምን ያህል እንደሚስል ያን ቀን አየሁ። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝና፣ ራሱ ኃጢአት የሠራ መስሎት አማተበ።

ይህም ባለፈ ነበር። ግን መብራት ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጾም መፍቻው ደርሷል። አስካለ ከሰል ላይ ሽሮ ጥዳለች። ኩሽናችን መስኮት የለውም፤ መብራት ሲሄድ በቀንም ሲኒማ ቤት ነው።

«አንተ!» አለች ከውስጥ። «ባትሪህን አምጣ እስቲ፤ ዛሬ እንኳን ትጥቀመን!»

ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? ገባሁ። ደንቡን ጠብቄ ከኋላዋ ቆምኩ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ድስቱ ላይ ብቻ አበራሁ፣ ዓይኗን አልነካሁም።

«ትንሽ ከፍ አድርገው።»

ቀለበቱን ዞር አደረግሁ፤ ታዘዘ።

«ጠጋ በል፣ ጨው መቅመሴ ነው።»

ጠጋ አልኩ። የኩሽናው ሙቀት ቅቤውን አቀለጠው መሰለኝ፣ ቀለበቱ ዞረ፣ ባትሪዋም አብራ ዞረች፣ እጄ ውስጥ እንደ ዓሣ ተንሸራተተች፣ ከዚያ ጧ! ሽሮው ውስጥ ገባች።

ሽሮ ከውስጥ ሲበራ አይታችሁ አታውቁም። እኔ ግን አይቻለሁ። ሁለመናው ቀላ፣ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ አንድ አንድ እያለ እየበራ ይፈነዳል። አስካለም ማማሰያዋን እንደያዘች አንገቷን አስግጋ አየች። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። ቀጥሎ ላዩ ላይ ክብ ክብ እየሠራ፣ ወርቅ የሚመስል ነገር መንሳፈፍ ጀመረ።

«ይሄ ምንድን ነው የሚያብረቀርቀው?» አለች።

«ብርሃኑ ነው» አልኩ።

ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ብርሃን ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል?»

ማማሰያዋን አስቀምጣ ወጣች። የወንበሩ እግር ሲንቋቋ ተሰማኝ። ስትመለስ የቅቤው ጨርቅ በእጇ ነው።

«እኔ በግራ ነው የምቋጥር» አለች። «ይሄ በቀኝ የተቋጠረ ነው።»

«ባትሪ ይጾማል እንዴ፣ አስካለ? እስቲ በእግዚአብሔር! የባትሪ ጾም አለ?»

«ባትሪው አይጾምም። ድስቴ ግን ይጾማል! ድስቴን አስገደፍከው!»

ሽሮው ተደፋ። ድስቱ ወደ ፍስኮቹ ሄደ። አስካለም ዝም አለችኝ። ምግቤን ታቀርባለች፣ እጄን ታስታጥበኛለች፣ ቃል ግን የለም። ሰብለ ደግሞ ሳቀች፤ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዝምታውና ከሳቁ የቱ እንደሚብስ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። አንድ ነገር ግን ወሰንኩ፦ ይህ ሁሉ ጉድ ደርሶብኝ ባትሪዬን ብተው፣ ሽሮው የፈሰሰው በከንቱ ነው።

አስካለ የነፍስ አባታችንን አስጠራች። ሽማግሌ ናቸው፣ ከእኔም ይበልጣሉ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጡ፤ ሽሮው ሲበራ የነበረውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ቀመስክ?» አሉኝ።

«አልቀመስኩም፣ አባቴ።»

«ጣትህንስ ላስክ?»

«አባቴ፣ ባትሪ ነው እኮ!»

«ጠየቅሁህ እንጂ መቼ ከሰስኩህ» አሉ። ድስቱ ታጥቦ ጠበል ይረጭበትና ወደ ጾሙ ይመለስ፤ እኔ ያለ ባለቤቴ ፈቃድ በመስረቄ ጉልበቴ የቻለውን ያህል ልስገድ ብለው ፈረዱ። አስካለ ጠበሉን ልታመጣ ስትወጣ ወደ እኔ ዘንበል አሉ፤ ከካባቸው ኪስ አንዲት አሮጌ ባትሪ አወጡ። ራሷን ሲያዞሯት ክርር አለች።

«የእኔዋም እንዲህ ሆናብኛለች» አሉ በሹክሹክታ። «ለመሆኑ ቅቤው እንዴት ነበር?»

«አባቴ፣ ምን ልበልዎ። ሐር ነው።»

የአስካለን ኮቴ ሲሰሙ ባትሪያቸውን መለሷት። «እንግዲህ ለፋሲካ እናየዋለን» አሉና አማተቡ።

ያን ማታ ባትሪዬን ፈታኋት። ሽሮ ከጠጣች ወዲህ አልነካኋትም ነበር። በለብ ያለ ውኃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳት። ከቀለበቱ ጥርሶች መሀል የወጣው ነገር የሰሞኑን ኑሮዬን እንዳለ ይናገራል፤ መጀመሪያ ሽሮ፣ ከሱ ሥር ቅቤ፣ ከሱ ሥር የዳኒ ግሪስ፣ ከሱ ሥር የጋቢዬ ጥጥና የታደሰ ዘይት። ከሁሉም ሥር ምን ነበር? አቧራ። የፒያሳ አቧራ፣ እንደ በርበሬ የደቀቀ። ለካስ መጀመሪያም በሽታዋ እሱ ነው። ሳላጥባት ዘይት ላይ ዘይት ስጨምር፣ ባትሪዬ አንገት ላይ ጭቃ ሳቦካ ነው የከረምኩት።

ስትደርቅ ወርቅ ቤቶቹ አጠገብ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ወሰድኳት። ሰዓት ውኃ እንዳያስገባ ክዳኑ ሥር የሚቀቡት አንድ ቅባት አለ፤ እንደ ውኃ የጠራ ነው፣ አይፈስ፣ አይጠቁር፣ ኮረሪማ አይሸት። በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካ አደረገልኝ።

«ትንሽ ጨምርበት እንጂ» አልኩት።

«አልጨምርም» አለኝ። አፍ አፉን እያየሁት ባትሪዬን ዘጋት። ቀለበቱ ዞረ፤ እንደ ቅቤው ሆኖ ዞረ። የምፈልገውን ቅባት አገኘሁ።

ደብረ ዘይት ደረሰ። ጎሕ ገና አልቀደደም። ሰብለ በሩ ላይ ክንዷን አጣምራ ቆማለች፤ ፀጉሯን በቀይ ላስቲክ ወደ ላይ አሥራዋለች። አስካለ ነጠላዋን ተከናንባ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፣ አሁንም ዝም እንዳለች። እኔ ከዘራዬን በግራዬ፣ ባትሪዬን በቀኜ ይዤ መሀላቸው ቆምኩ። እንደዚያ ቀን ተማምኜ አላውቅም።

«ያብሩ እንግዲህ» አለች ሰብለ።

አውራ ጣቴን ቀለበቱ ላይ አድርጌ ገፋሁ። ጣቴ ሸርተት አለ። ቀለበቱ ባለበት ቆመ። ደግሜ ገፋሁ፤ ሸርተት። በሁለት እጅ እንደ ሐር የሚዞረው ቀለበት በአንዲት ደረቅ አውራ ጣት አይያዝም። ይህን ሁሉ ቀን አንድ ጊዜ እንኳን ከዘራ ይዤ እንዳልሞከርኩት ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ! ውስጡን ሳለሰልስ ከርሜ ላዩ ከእጄ ሸሸ።

ሰብለ አልሳቀችም። ብትስቅ በወደድኩ።

«አባባ፣ ይበቃል» አለች ለስለስ ብላ። «ክንድዎን ይስጡኝ።»

«አልሰጥም።»

«ቃል ተገባብተናል እኮ።»

«ቃሌን አላጠፍኩም። ደብረ ዘይት ገና አልመሸም። እስኪበራልኝ እዚሁ እቆማለሁ።»

«ቅዳሴው ያልፍዎታል።»

«በቁሜ አስቀድሳለሁ፤ ደወሉ እዚህም ይሰማል።»

ደግሜ ገፋሁ። ሸርተት። ደግሜ። ጣቴን በምራቄ አርጥቤም ሞከርኩ፤ ጨለማ ነውና ማንም አላየኝም። ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

አስካለ ከዱካዋ ተነሣች። እኔ ጋ አልመጣችም፤ ወደ ሰብለ ሄደች፤ እጇን ዘርግታ ቀዩን ላስቲክ ከራሷ ላይ መዘዘችው። የልጅቷ ፀጉር ትከሻዋ ላይ ተዘረገፈ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

አልመለሰችላትም። ባትሪውን ከእጄ ተቀበለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ወልወል አደረገችው፣ ላስቲኩን አጥፋ ቀለበቱ ላይ ጠመጠመችና መለሰችልኝ። ከሽሮው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች።

«ቅባት ቅባት ስትል ከረምክ። የማሰሮ ክዳን አሟልጮ እምቢ ሲለኝ በጨርቅ ነው የምይዘው ወይስ ቅቤ ነው የምቀባው?» ወደ ዱካዋ እየተመለሰች፣ «ድስቴን ግን አልረሳሁትም» ብላ ጨመረች።

አውራ ጣቴን ላስቲኩ ላይ አሳረፍኩ። ያዘ። ገፋሁ። ቀለበቱ ዞረ፤ ብርሃኑ ከምንም ተነሥቶ ቀስ እያለ መጣ፣ እንደ ፋኖስ፣ እግሬ ሥር። ሰብለ ብርሃኑን አየች፣ እናቷን አየች። ከበሩ ፈቀቅ አለች።

ወጣሁ። ደረጃው አናት ላይ ትንሽ ቆሜ ልክ አበጀሁት፤ ብዙም አይደለም፣ ያለውን ደረጃ ከሌለው የሚለይ ያህል ብቻ። ብርሃኑ እግሬን ቀድሞ ወረደ። ሁለተኛውን ደረጃ ስረግጥ ከኋላዬ መዓት የሆነ ነጭ ብርሃን ግድግዳውንም ሰማዩንም አንድ ላይ አበራው።

«አጥፊው!» አልኳት ሳልዞር። «ዓይን ታጠፊያለሽ!»

ጠፋ። ጨለማው ተመለሰ፤ በመሀሉ የእኔዋ ትንሽ ክብ ብርሃን ብቻ ቀረች። የምታደርሰው ሰው ደግሞ ዛሬ እኔው ነኝ።

«እሺ ላስቲኬንስ፣ አባባ?» አለች ከላይ።

«ስመለስ!» አልኳት።